ቆርቆሮው ሲመታ ዝም ያልኩበት እሁድ

«በዛሬው ጉዟችን ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም።»

ይህች ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ቴሌግራም ላይ አለች። ከሥሯ የእሳትና የጭብጨባ ምልክት ተደርድሮላታል፤ «ጀግኖች ናችሁ» ያለም አለ። አንዳንዴ ሥራ ስፈታ እከፍታትና አነባታለሁ፤ ባነበብኳት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ውሸት ስለሆነች ብቻ አይደለም። በዚያ ውሸት ውስጥ የእኔም እጅ ስላለበት ነው። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከነጥፋቴ ልንገራችሁ፤ ስትጨርሱ በማን መናደድ እንዳለባችሁ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። በሥራ ቀን ስድስት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የአንድ የእግር ጉዞ ቡድን ረዳት መሪ ነበርኩ። ዋናው መሪ ናሆም ይባላል። አፈ ቅቤ ነው፤ ተራራ ከመውጣቱ በፊት የወጣ የሚመስል ፎቶ መነሣት የሚችል ሰው ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ የደከመውን እደግፋለሁ፣ የወደቀ የውሃ ላስቲክ እለቅማለሁ። ሥራውን እወደው ነበር። እሁድ ጠዋት ፒያሳ ላይ ቦርሳዬን አዝዬ ስቆም ሌላ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ቡድኑ ውስጥ ያደግኩበትን ሰፈር የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሲጠይቁኝ «ጀሞ» እላለሁ። ፍጹም ውሸትም አይደለም፤ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ወደ ጀሞ ሄደናል። ከዚያ በፊት ግን አፍንጮ በር፣ ወንዙ ዳር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው የሚረጥብ ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት። ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ አፍንጫውን ይዞ «የወንዝ ልጅ» ይለኝ ነበር። ስሙን ረስቼዋለሁ፤ አፍንጫውን የያዘባትን እጁን ግን አልረሳሁም።

የዚያ ወንዝ ዳር ሰው አንድ ልማድ አለው። እንጦጦ ላይ ሲዘንብ እታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ላይ ያሉት ሰዎች ወንዙ መሙላቱን ካዩ ቆርቆሮ ይመታሉ። ሦስቴ መትተው ዝም ይላሉ፤ ደግሞ ሦስቴ። የሰማ ሁሉ ተቀብሎ ይመታል፤ እንዲህ እየተቀባበለ ወሬው ከውሃው ቀድሞ ራስ መኮንን ድልድይ ይደርሳል። እናቴ አስካለ «ቆርቆሮ ከሰማህ ጫማህ ቢወልቅም ጥለኸው ውጣ» ትለኝ ነበር።

በእኛ በኩል ቆርቆሮውን የሚመቱት ጎረቤታችን እማማ ሰዓዳ ነበሩ። በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ፣ በአንዲት የልብስ ስፌት መኪና አራት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። የቅርብ ነገር ስለማይታያቸው መርፌያቸው ላይ ክር የማስገባው እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምገባው እናቴ ቤት ሳይሆን እሳቸው ቤት ነበር።

ካቻምና ሚያዝያ ውስጥ ናሆም አዲስ ጉዞ አወጣ። «ያላያችኋት አዲስ አበባ» አለው። ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥተን፣ ወንዙን ውስጥ ለውስጥ ይዘን፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር እንወጣለን። መንገዱን ስልኩ ላይ አሳየኝ።

«ከላይ ቢዘንብስ?» አልኩት።

«የአየሩን ሁኔታ አይቻለሁ። ፀሐይ ነው።»

«ለእንጦጦ ነው ያየኸው ወይስ ለፒያሳ?»

ሳቀብኝ። «ብሩኬ፣ አንተ የጀሞ ልጅ ስለ ወንዝ ምን አገባህ? ላሽ በል።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። «እዚያ ነው ያደግኩት» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። አላልኩም።

እሁድ ጠዋት ፒያሳ ተገናኝተን ማኪያቶ ጠጣን። ከእኔና ከናሆም ጋር አሥራ አንድ ሰው ነን። አብዛኞቹ የቢሮ ሰዎች ናቸው፤ ያደረጉት ቦቲ ከመርካቶ ተገዝቶ ገና ፕላስቲኩ ያልተላጠ ነው። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ምርኩዝ ይይዛሉ፣ አንገታቸው ላይ የላስቲክ ኮረጆ ያንጠለጥላሉ፣ ጥያቄ አያልቅባቸውም። በሚኒባስ ወደ ላይ ወጣንና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ወንዙ ውስጥ ገባን።

ናሆም ድንጋይ ላይ ቆሞ ሕጉን አወጀ።

«ከዳር ሆኖ የሚጮህባችሁ ሰው አይጠፋም። አትመልሱ። ቀና ብላችሁም አትዩ። አንዱን ካናገራችሁ ሰፈሩ በሙሉ ይሰበሰብና ለሻይ በሉ ይላል። መፍትሔው ምንድን ነው? ላሽ!»

«ላሽ!» አሉ ሁሉም እየሳቁ። እኔም አልኩ።

ወንዙ ያው ወንዝ ነው። ውሃው ጥቁር፣ ሽታው አፍንጫ የሚበጥስ፣ ዳርና ዳሩ የልብስ ቁራጭና የላስቲክ ዓይነት። ናሆም ግን ስልኩን ከፍ አድርጎ «ማንም ረግጦት የማያውቅ» እያለ ይቀርጻል። እኔ ያንን ድንጋይ በባዶ እግሬ አውቀዋለሁ። ከላይ በጥርስ ብሩሽ አፉን የሞላ ሰውዬ አጎንብሶ አየንና «ምን ጠፋባችሁ? ሀብል ነው?» አለ። ትንሽ ዝቅ ብለን ደግሞ አንዱ «ድልድዩ ጋ ታክሲ አለኮ፣ ለምን ትሰቃያላችሁ?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ልብስ የምታሰጣ ሴት ግን አልሳቀችም። «የእኛን እጣቢ ለማየት ነው ከቤታችሁ የወጣችሁት?» አለች። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ሊነሧት ሲሉ ናሆም «ጋሼ፣ ሕጋችን» አላቸው። ባርኔጣቸውን መለሱ፤ ፊታቸው ግን ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል።

ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ ማንም ሰው አላየንም። ዳሩ ላይ የነበሩት ቤቶች ፈርሰዋል፤ ሰዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ናሆም ጸጥታውን ወደደው። እኔ ልጅ ሆኜ በስም የማውቃቸውን በሮች በዓይኔ እየፈለግኩ አጣኋቸው። ቆርቆሮ የሚቀባበሉት እነዚያ ቤቶች እንደነበሩ ያኔ ትዝ አላለኝም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን አፍንጮ በር ሥር፣ በግራም በቀኝም የድንጋይ ግንብ ያለበት ቦታ ደረስን። ግንቡ የሁለት ሰው ቁመት ይሆናል። መውጫው ከፊታችን፣ መታጠፊያው ላይ ነው፤ ሁለት መቶ እርምጃ ቢቀረን ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ያኔ ሰማሁት። ሦስቴ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ሦስቴ።

ጋሽ ታደሰ ቆሙ። «ይሄ የምን ድምፅ ነው?»

«ቤት እየሠሩ ነዋ» አለ ናሆም።

«የሚሠራ ሰው እንዲህ አይመታም። ሦስት ሦስት እያለ ነው። ብሩክ፣ አንተ አይሰማህም?»

«ጣሪያ እየመቱ ይሆናል» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ናሆም አይደለም። ናሆም አያውቅም፤ አለማወቁን እንኳ አያውቅም። እኔ ግን እያወቅኩ ነው ያልኩት። በውስጤ «ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ የሚጫወት ሰው ይሆናል» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቆርቆሮው ምን እንደሚል ከተናገርኩ እንዴት እንዳወቅኩም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ለዚያች አንዲት ቃል ስል የአሥራ አንድ ሰው ነፍስ አስያዝኩ።

ድምፁ ቀረበ። ግንቡ ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ብቅ አሉ፤ በአንድ እጃቸው ቁራጭ ቆርቆሮ፣ በሌላው ዘነዘና ይዘዋል። ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ፀጉራቸው ሸብቷል። ወዲያው አወቅኳቸው።

«ውጡ! ከዚያ ውጡ!» አሉ።

«ሰፈሩን ገዙት እንዴ?» አለ ናሆም ቀና ሳይል። «ቀጥሉ፣ ላሽ በሉ።»

ቀኑን ሙሉ ያልተባልነው ነገር ስላልነበረ ይሄም ከዚያው እንደ አንዱ ተቆጠረ። እማማ ሰዓዳ ሌላ ቃል መጨመር አልታያቸውም፤ ለዚያ ሰፈር ሰው ቆርቆሮው ራሱ ቃል ነው። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ዘነዘናውን አወረዱ።

«ብሩክ! አንተ የአስካለ ልጅ! አንተ ታውቀው የለም እንዴ? ንገራቸው እንጂ!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ናሆም እየሳቀ «ያውቁሃል እንዴ?» አለኝ።

ኮፍያዬን ዝቅ አደረግኩ። «ከሰው ተመሳስዬባቸው ነው» አልኩ።

መንገዳችንን ቀጠልን። ከኋላችን ቆርቆሮው አላቋረጠም፤ እንዲያውም በረታ። ምናልባት ስድሳ እርምጃ ሄደን ይሆናል። እግሬ ሥር አንድ ቅጠል ሲያልፍ አየሁ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ቅርንጫፍ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፣ ገና እርጥብና አረንጓዴ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ያለው እንጦጦ ነው። ጥቁሩ ውሃ ቡናማ ሆኖ ነበር።

«ጎርፍ ነው!» አልኩ። «ወደ ኋላ ተመለሱ! ወደ ቆርቆሮው!»

«የምን ወደ ኋላ? መታጠፊያው እዚህ ነው» አለ ናሆም።

«አንደርስም። መታጠፊያው ላይ ነው ውሃው ሰው የሚወስደው። ናሆም፣ እዚህ ነው ያደግኩት።»

ቃሉ የወጣው ያኔ ነው። ስንት ዓመት የታቀፍኩት ነገር ማንም ልብ ሳይለው ወጣ፤ ሰው ሁሉ መሮጥ ጀምሮ ነበርና።

እማማ ሰዓዳ ከእኛ ቀድመው አስበዋል። የጣሪያ መሰላላቸውን አምጥተው በግንቡ ላይ ወደ ታች ሰደውታል። ስንደርስ ውሃው ከቦቲያችን አፍ በላይ ነበር። ከላይ በኩል የሚንከባለል ድንጋይ የሚመስል ጉርምርምታ ይሰማል። ሴቶቹን ወደ መሰላሉ ገፋኋቸው። ሁለቱ እንደወጡ ሦስተኛ ሆኖ የተፈናጠጠው መሪያችን ነው። ስልኩን በጥርሱ ነክሶ ወጣ። ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እስክሞት አልረሳውም።

መጨረሻ ላይ ታች የቀረነው እኔና ጋሽ ታደሰ ነን። ውሃው ጭኔ ደርሷል። እሳቸው ምርኩዛቸውን ጥለው «አንተ ቅደም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይውጡ እባክዎ» ብዬ እግራቸውን ከፍ አድርጌ አስረገጥኳቸው። መካከሉ ላይ ሲደርሱ አንድ ግንድ መጣና የመሰላሉን እግር መታው። መሰላሉ ወደ ጎን ሸሸ። ከላይ የእማማ ሰዓዳ ቀኝ እጅ በመሰላሉና ግንቡ ጫፍ ላይ ባለው የአጥር ብረት መካከል ተቀርቅሮ አየሁ። ቢለቁት እጃቸው ይድን ነበር። ጋሽ ታደሰ ግን ይወድቁ ነበር። አለቀቁም። አልጮሁም። «ቶሎ» ብቻ አሉ። ጋሽ ታደሰ ወጡ፤ እኔ ወጣሁ፤ የመጨረሻውን እርከን እንደረገጥኩ ውሃው መሰላሉን ይዞት ሄደ።

እማማ ሰዓዳ እጃቸው ሲቀረቀር ከላይ ዘጠኝ ጤነኛ ሰው ቆሞ ነበር። ሁለቱ መሰላሉን ይዘው ነበር። የቀሩት ያለቅሳሉ ወይም ያለከልካሉ፤ በዚያ አልፈርድም። ናሆም ግን ይቀርጽ ነበር።

«አሥራ አንድ! ሁላችንም አለን!» አለና አስጨበጨበ። ከዚያ እማማ ሰዓዳን በትከሻቸው አቅፎ ፎቶ ተነሣ። «እናቴ፣ በጣም እናመሰግናለን።» እሳቸው የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለዋል። እኔን ነበር የሚያዩት።

ጋሽ ታደሰ አጠገባቸው ተንበረከኩ። «እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ደኅና ነኝ። አብሽር። ልጆቹን ብርድ ሳይመታቸው ወደየቤታቸው ይውሰዷቸው።»

ሻሹ ደም አዝሎ ነበር። ጋሽ ታደሰ ዞረው «ናሆም፣ እኚህን ሴት ሐኪም ቤት መውሰድ አለብን» አሉ።

«ጋሼ፣ መኪናው ድልድዩ ጋ እየጠበቀን ነው። ትንሽ ተልጦ ነው።»

«እንግዲያው እናንተ ሂዱ» አሉ ጋሽ ታደሰ። አስተማሪ ሳሉ ክፍል ውስጥ እንዴት ይቆጡ እንደነበር ያኔ ገባኝ። «እኔ የትም አልሄድም።»

እኔስ? ከቡድኑ ጋር ሄድኩ። ረጥቤያለሁ፣ እንቀጠቀጣለሁ፣ ሰው ማጓጓዝ ሥራዬ ነው፤ ሰበብ ሞልቶኝ ነበር። «እኔ ነኝ፣ ብሩክ ነኝ» ሳልል፣ ቆርቆሮውን ከመሬት እንኳ ሳላነሣላቸው የግቢያቸውን በር አልፌ ወጣሁ።

ማታ ላይ ናሆም ቪዲዮውን ለቀቀ። ከሥሩ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጻፈ። እኔ «የአንዲት እናት እጅ ተጎድቷል» ብዬ አስተያየት ጻፍኩበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋው፤ ከዚያ ደወለ።

«ምን ሆነሃል? የእኛን ሰው ነው ያልኩት። ከእኛ የተጎዳ አለ?»

«እሳቸው ሰው አይደሉም?»

«ብሩኬ፣ ቃል አትሰንጥቅ። ሰው ይፈራና የሚመዘገብ እናጣለን። ላሽ በለው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አናግሬው አላውቅም። ግን ቁጣዬ እሱ ላይ ብቻ አልቆመም፤ ዞሮ መጥቶ እኔው ላይ አረፈ። እሱ ያጠፋው የጻፍኩትን ነው፤ እኔ የካድኩት ሰው ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ አፍንጮ በር ወረድኩ። በሩ ያው ሰማያዊ በር ነው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ብሩክ። የአስካለ ልጅ።»

«ግባ» የሚል ድምፅ መጣ።

የልብስ ስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል። አጠገቡ ያላለቀ የተማሪዎች ዩኒፎርም ተከምሯል። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርን በጀሶ ታስሯል። የእናቴን ደኅንነት ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ከዚያ መስኮቱን እያዩ እንዲህ አሉ፦

«ወንዙ ይጮኻል። እዚያ ውስጥ ሆኖ የላይ ሰው የሚለው አይሰማም። እንደሱ ሆኖብህ ነው አይደል?»

መውጫ እየሰጡኝ ነበር። አዎ ብል ሻይ ተፈልቶልኝ፣ ስለ ድሮው ተጫውተን እለያይ ነበር። አስተማማኝ በር ነበር፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ሰምቼዎት ነበር» አልኩ። «ቆርቆሮውንም፣ ስሜን ሲጠሩም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ኮፍያህን ዝቅ ስታደርግ አይቻለሁ።»

ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«እጄን አላህ ያውቃል፤ ይድናል ወይም አይድንም። እኔን የከነከነኝ እሱ አይደለም። ክር ያስገባህልኝ ልጅ በሰው ፊት አላውቃትም አልከኝ። የእኔን ስም ብታውቅ ምን ይቀንስብሃል?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ዛሬ አልልህም። ዛሬ ተናድጃለሁ።»

ጀሶው ሲፈታ ሁለት ጣታቸው እንደድሮው አልታጠፈም። መቀስ አይዙበትም። ዩኒፎርሙን ሌላ ሰው ወሰደው፤ አሁን የሚሠሩት ዚፕ መቀየርና ጠርዝ ማጠፍ ነው፣ እሱንም በግራ እጃቸው። ይኸው ነው «ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም» የተባለው። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እሁድ እሁድ ቦርሳ አዝላችሁ «ማንም ያላየው» ቦታ ለማየት የምትወጡ፣ እኔን ስሙኝ። ማንም ያላየው የሚባል ወንዝ በዚህ ከተማ የለም። ዳሩ ላይ ሁልጊዜ የሚያውቀው ሰው አለ፤ ሲጮህባችሁ ቀና በሉ። ከመካከላችሁ ደግሞ ያደገበትን ሰፈር ደብቆ የሚሄድ እንደኔ ያለ ካለ፣ ያ ድብቅ ነገር አንድ ቀን የሌላ ሰው እጅ ያስከፍላል። እኔን አላስከፈለኝም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ቡድኑን ትቻለሁ። አሁን እሁድ ጠዋት የምሄደው አፍንጮ በር ነው፤ ለሳምንቱ የሚሆናቸውን መርፌ ሁሉ ክር አስገብቼ መርፌ በሚሰኩባት ትንሽ ትራስ ላይ እሰካለሁ። ያን ይቅርታ እስከ ዛሬ አላሉኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

ባለፈው ሐምሌ አንድ እሁድ እዚያው ሳለሁ እማማ ሰዓዳ ከመርፌው ላይ ዓይናቸውን አነሡ። ፒያሳ ፀሐይ ነው፤ እንጦጦ ግን ጠቁሯል። ተነሥተው ግንቡ ጋ ሄዱና ውሃውን አዩ። ከዚያ ቆርቆሮውንና ዘነዘናውን ከጥግ አመጡ። ዘነዘናውን በቀኝ እጃቸው ሊይዙ ሞከሩ፤ አልጨበጥ አላቸው። ወደ እኔ ዘረጉት።

«ምታ።»

ግንቡ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ማዶ ልብስ የሚያሰጡ ሰዎች ያዩኛል፤ መንገድ ላይ የሚያልፉም ቆመው ያዩኛል። ሦስቴ መታሁ፤ ዝም አልኩ፤ ደግሞ ሦስቴ።

«ጠንከር አድርግ» አሉኝ ከኋላዬ። «ማን እንደሆንክ ይዩህ።»

ኮፍያዬን አውልቄ መታሁ። ትንሽ ቆይቶ ከታች፣ ከድልድዩ በኩል፣ አንድ የማላውቀው ሰው ተቀብሎ መታ።